የሊቀ መንበሩ ሱሪ

የአባቴን ሱሪ ሴናተሯ ወስዳበታለች ብዬ በድምፅ ማጉያ የተናገርኩ ዕለት ስምንት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ ኛዴራ ገበያ ስወርድ እንኳ ዓሣ ሻጮቹ ሴቶች ሚዛናቸውን አስቀምጠው፣ "አሞንዲ፣ ሱሪው ተገኘ ወይ?" ይሉኛል። "ተገኝቷል፤ አሁን የጠፋው ቀበቶው ነው" እላቸዋለሁ። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ከሚዛኑ ላይም አንድ ዓሣ ይጨመርልኛል።

አባቴ ኦቢዬሮ ልብስ ሰፊ ነው። ያኔ ግን ከልብስ ሰፊነቱ በፊት የጀልባ ሰው ነበር። ጀልባ የፓርቲው ምልክት ነው። በእኛ አገር ጀልባ መሆን ከአባት የሚወረስ እንጂ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። የአባቴ አባት ጀልባ ነበር፤ አጎቶቼ ሁሉ ጀልባ ናቸው፤ ጎረቤታችን ዶሮ ሲጠፋባት እንኳ "ግድ የለም፣ ጀልባ ሥልጣን ሲይዝ ይገኛል" ትል ነበር። አባቴ ደግሞ የኛዴራ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ነበር። በሱቁ በረንዳ ላይ መደገፊያ ያላት አንዲት ወንበር ነበረች። እሷ ላይ የሚቀመጠው እሱ ብቻ ስለነበረ፣ ሊቀ መንበርነቱ ከወንበሯ የመጣ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ስታኮርፈው "ሊቀ መንበር፣ እራት ቀርቧል" ትለዋለች። ስትታረቀው መልሶ "የአሞንዲ አባት" ይሆናል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ። አባባ ራዲዶ፣ ዓሣ ማጥመድ ትቶ ወሬ ማጥመድ የጀመረ ሽማግሌ፣ ሬዲዮኑን በብብቱ ይዞ ከች አለ።

"ሰማህ ሊቀ መንበር? ሲፕሮዛን አስወጧት እኮ!"

"ሰማሁ" አለ አባቴ፣ የስፌት መኪናውን ሳያቆም።

"ያን ያህል ዘመን የኖረችበትን ቤት! አንስተው ለማጋክ ሰጡት።"

"አስወጧት አይበሉ እንጂ አባባ። በፓርቲው ውስጥ ምርጫ ተደርጎ ተሸነፈች።"

"የምን ምርጫ አመጣህብኝ? ሣጥኑ ገና ከመኪና ሳይወርድ ሞልቶ ነበር!"

አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ። ግራ ቀኙን አየ፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን አላየም። "ቀስ ይበሉ" አለ።

"ቀስ ብያለሁ። ታዲያ ሴትዮዋ ምን አለች መሰለህ? 'ሌላ ቤት አልገባም፤ ብቻዬን እቆማለሁ' አለቻ!"

እኔ ሴናተር ሲፕሮዛ ኦዳዋን አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ጀልባ ማቆሚያው ዳር መጥታ፣ ነጭ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ጭቃውን በባዶ እግሯ ስትረግጥ ነበር። ወፍራም፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ሐይቁን የሚሻገር ሴት ናት። አሁን ያቺ ሴት ከቤቷ ተባርራ፣ ሻንጣዋን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ዋናው መንገድ ዳር ብቻዋን ቆማ ታየችኝ። ዝናብ ደግሞ ሊመጣ ነው።

ማታ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ በኦሜና ማለትም በሐይቁ ደቃቅ ዓሣ እየበላን ሳለ አላስችል አለኝ። "እማ፣ ሲፕሮዛ አሁን የት ነው የምታድረው?"

"ቤቷ ነዋ።"

"አስወጥተዋት የለም እንዴ? ለማጋክ ሰጥተውባት?"

እናቴ ኡጋሊ የጠቀለለ እጇን አየር ላይ አስቀርታ አባቴን አየችው። "ይኸው! ግፉ ለሕፃኗ እንኳ ገብቷታል" አለች። አባቴ ትንንሾቹን ዓሣዎች አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።

"ቤቱ" ፓርቲው እንደሆነ፣ ለማጋክ የሰጡትም የሴናተርነት ዕጩነቷን እንደሆነ፣ "ብቻዬን እቆማለሁ" ማለትም ያለ ፓርቲ እወዳደራለሁ ማለት እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ለምን እንዳስወጧትም ያኔ አላወቅሁም። ከዓመታት በፊት አንድ ባለጠጋ ሴቶቹ ኦሜና የሚያሰጡበትን የሐይቅ ዳር በሽቦ አጥሮ ሆቴል ልሥራ አለ። ሲፕሮዛ ጉዳዩን ናይሮቢ ድረስ ይዛው ሄደች። የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች "ተይው፣ ሰውየው የኛ ሰው ነው" አሏት፤ አልተወችም። ሽቦው ሲነቀል እናቴ ከነቃዮቹ አንዷ ነበረች። መዳፏ ላይ ጠባሳ አለ፤ እኔ ግን ዓሣ የወጋት ይመስለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ኢንጂነር ማጋክ ራሱ አባቴ ሱቅ መጣ። ክፉ ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ወጣት ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ለእኔ ከረሜላ ሰጥቶኛል። ጀልባ ያለበት ባንዲራ፣ ጀልባ ያለበት ካናቴራ እንዲሰፋለት አዘዘ። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆሞ ለተሰበሰበው ሰው እጁን ዘረጋ።

"ዘንድሮ ምንድን ነው የምንለብሰው?"

"ሙሉ ልብስ!" አሉ ሰዎቹ።

"ስንት ቁራጭ?"

"ስድስት!"

"አንድ እንኳ ቢጎድል?"

አባባ ራዲዶ ከዳር ሆኖ፣ "ሴናተሩን ከሌላ አምጥተን ከቀላቀልን፣ ኮት ለብሶ ሱሪውን እንደረሳ ሰው መሆናችን ነው!" ሲል በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ማጋክም እየሳቀ፣ "ትክክል! ሴናተሩ ሱሪ ነው! ሊቀ መንበር፣ ይህን በየመንደሩ ይንገሩልኝ" አለ።

መራጭ በምርጫው ቀን ስድስት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከፕሬዚዳንቱ ጀምሮ እስከ ቀበሌው ተወካይ። ስድስቱንም ለጀልባ ስጡ ማለታቸው ነበር። እኔ ግን የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ሙሉ ልብስ ሲባል ለእኔ ሙሉ ልብስ ነው። ኮት፣ ሱሪ፣ ሰደርያ፤ ሦስት ሆነ። ሌላውን ሦስት ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና ሸሚዝ፣ ከረባትና ባርኔጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጀልባ ለአገሩ ሰው ሁሉ ስድስት ቁራጭ ልብስ ሊያለብስ ነው፤ የሚሰፋው ደግሞ አባቴ ነው። ኩራቴ ሌላ ነበር። ለክፍል ጓደኞቼ አንዳንድ ባርኔጣ ቃል ገባሁ።

አገሩ ግን እንደ አባቴ በረንዳ አልነበረም። ሲፕሮዛ ለራሷ ምልክት ድስት መረጠች። በማግሥቱ ገበያው ለሁለት ተከፈለ። የጀልባ ወጣቶች በሞተር ሳይክል እየከነፉ "ባዶ ድስት!" ሲሉ፣ ሴቶቹ የዓሣ መጥበሻቸውን በማንኪያ እየደበደቡ ይመልሳሉ፦ "ጀልባ ዓሣ ያመጣል፤ ጥሬውን ትበላለህ ወይ?" ደወል ሲደወል እንኳ እኛ ልጆች ግማሾቻችን እየቀዘፍን፣ ግማሾቻችን እያማሰልን ነበር ክፍል የምንገባው።

ቤታችንም ተከፈለ። አንድ ቀን ከሰዓት እናቴ ጓሮ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች፤ አባቴ አጠገቧ ቆሟል። እኔ ከበሩ ጀርባ ነኝ። ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል።

"አምስቱን ውሰድ" አለች እናቴ። "አምስቱን ምንም ሳልል ሰጥቼሃለሁ። ስድስተኛዋ ግን የሲፕሮዛ ናት። አልሰጥህም።"

"ሰው ምን ይለኛል? ሙሉ ልብስ፣ ሙሉ ልብስ እያልኩ መንደር ለመንደር ዞሬ፣ በገዛ ቤቴ ራቁቴን ልቅር?"

"ራቁትህን አትቀርም። አምስቱ ምን ሆነና?"

"ስድስተኛዋ ሱሪዋ ናታ!"

"እንግዲያው ሱሪህ ሲፕሮዛ ዘንድ ናት!" አለችና ቢላዋውን ዓሣው ላይ ሰካችው። ከዚያ ሁለቱም፣ እኔ ያኔ ባልገባኝ ምክንያት፣ ሳቅ ጀመራቸው። አባቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ እጁን እያወናጨፈ ወጣ።

እኔ አልሳቅኩም። በማግሥቱ ሱቅ ሄጄ አየሁ። አባቴ ማጋክ በሚመጣበት ትልቅ ስብሰባ ላይ የሚለብሰው አዲስ ልብስ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። ግራጫ ኮት፣ ግራጫ ሰደርያ። ሱሪ የለም። ከመስቀያው ሥር አየሁ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ አየሁ፣ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ ሳይቀር አየሁ። የለም።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ቤት የሌላት ሴት ናት፤ ብርድ መትቷት ይሆናል፤ እናቴ አዘነችላትና የአባቴን ሱሪ ሰጠቻት። ሲፕሮዛ አሳዝናኝ ነበር፤ አባቴ ግን የበለጠ አሳዘነኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ኮትና ሰደርያ አድርጎ፣ ባዶ ቅልጥሙን ሲቆም ታየኝ።

ሲፕሮዛ ኛዴራ የመጣችው ቅዳሜ ነበር። ስብሰባው ጀልባ ማቆሚያው ዳር፣ ሽቦው በተነቀለበት ቦታ ላይ ነው። እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። በሌላ እጇ ድስት ይዛለች። የደረቀ ኦሜና ሽታ፣ የቤንዚን ሽታ፣ አቧራ፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ ድስት ይደበድባሉ፤ ጆሮ ይበጥሳል። ብቻዋን ቆማለች የተባለችውን ሴት ስፈልግ መቶ ሰው መሀል አገኘኋት። ይህም ገረመኝ፤ እንደዚህ ሰው እያላት ማንም አላሳደራትም?

ተናግራ ስትጨርስ፣ "ጥያቄ ያለው አለ?" አለች።

እጄን ከእናቴ መነጨቅሁና አወጣሁ።

ሰዎች እየሳቁ እጅ ለእጅ አቀባብለው አሳለፉኝ። ሲፕሮዛ ጎንበስ ብላ የድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ አደረገችልኝ። የላብና የሳሙና ሽታ አላት። "በይ ንግሥቴ፣ ጠይቂኝ" አለች።

"እባክዎን የአባቴን ሱሪ ይመልሱለት" አልኩ።

ድምፄ ከሁለት ማጉያ ወጥቶ ሐይቁ ላይ ሄደ። አንድ አፍታ ጸጥ ሆነ። እኔ ደግሞ ያልገባቸው መስሎኝ ጨመርኩበት፦ "ቤት እንደሌለዎት አውቃለሁ። ግን እሱ ያለ ሱሪ መድረክ መውጣት አይችልም። ሊቀ መንበር ነው።"

ከዚያ ጉድ ፈላ። ሴቶች ድስታቸውን ጥለው መሬት ላይ ተንከባለሉ። አንዱ ዛፍ ላይ የወጣ ጎረምሳ፣ "የጀልባው ሊቀ መንበር ሱሪውን የት ነው ያወለቀው?" ብሎ ጮኸ። ሌላው፣ "ለካ ማታ ማታ ድስት ውስጥ ነው የሚያድረው!" አለ። እናቴን ፈልጌ ዞር ብል ፊቷን በድስቱ ሸፍናለች።

አሁን ሳስበው፣ ሲፕሮዛ ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። ዓይኗን ጠቀስ ብታደርግ እንኳ በቂ ነው። የጀልባ ሊቀ መንበር ለዘለዓለሙ መሳቂያ ይሆን ነበር። እሷ ግን እጇን ከፍ አድርጋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

"የልብስ ሰፊው የኦቢዬሮ ልጅ ነሽ?"

"አዎ።"

"ስሙኝ" አለች ወደ ሕዝቡ ቀና ብላ። "ባሌ የሞተ ጊዜ ከናይሮቢ በደረቅ ሌሊት መጣሁ። ለቀብር የምለብሰው ጥቁር ልብስ አልነበረኝም። ይህ ሰው የዘጋውን ሱቅ ከፍቶ ሰፋልኝ። ያኔ ሴናተር አልነበርኩም፤ ምንም አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። ኦቢዬሮ የጀልባ ሰው ነው፤ እኔን አይመርጠኝም፤ መብቱ ነው። በእሱ የሚስቅ ሰው ግን ድምፁን ለእኔ እንዳይሰጠኝ። አልፈልገውም።"

ሴቶቹ ድስታቸውን ከመሬት አነሱ። ዛፍ ላይ ያለው ጎረምሳ እንኳ ወረደ።

ለእኔ ደግሞ ማጉያውን ዘወር አድርጋ፣ በጆሮዬ፣ "ሱሪው እኔ ዘንድ የለም፣ ንግሥቴ። ገና አልሰፋው ይሆናል። ሰፊ የራሱን መጨረሻ ነው የሚሰፋው" አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ማጋክ ባዘዘው ካናቴራ ተጠምዶ አባቴ ሱሪውን ገና አልቆረጠውም ነበር። እኔ ግን አላመንኳትም። የወሰደ ሰው መቼ ወሰድኩ ይላል ብዬ፣ አኩርፌ ወረድኩ።

ወሬው ገበያ የደረሰው ከእኛ በፊት ነው። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አባባ ራዲዶ አጠገቡ ሆኖ፣ ሊያዝንለት እየሞከረ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እናቴ ጠጋ ብላ ሲፕሮዛ ያለችውን አንድ በአንድ ነገረችው። መርፌውን አስቀምጦ ሰማት። "የጥቁሩን ልብስ ነገር አልረሳችውም?" ብቻ አለ። ዝምታውን ቁጣ ነው ብዬ፣ ኡጋሊዬን ሳልጨርስ ተኛሁ።

ሰኞ ማጋክ መጣ። በዚህ ጊዜ ከረሜላ የለም። አባቴን ወደ ውስጥ ወሰደው። ቁርጥራጭ የምለቅምበት ቦታዬ ላይ ነበርኩ።

"ሊቀ መንበር፣ ሳቅ በሳቅ ነው የሚመለሰው" አለ። "እሑድ መድረክ ላይ ይውጡና፣ ሱሪዬን ልትለምን መጥታ አባረርኳት ይበሉ። ባል የሌላት ሴት የሰው ሱሪ ብትመኝ ምን ይገርማል ይበሉ። ሕዝቡ ይስቃል፤ ነገሩ ያበቃል።"

ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የአባቴ ጫማ ብቻ ነው። አንደኛው ጫማ ሌላውን ረገጠው።

"ካላልኩስ?"

"ሰው ምን እንደሚጠረጥር ያውቃሉ። ማታ ማታ እሷ ዘንድ ነው የሚያድረው እየተባለ ነው። ቅርንጫፉም ሌላ ሊቀ መንበር አያጣም" አለ ማጋክ። በክፋት አልነበረም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው ያለው። ይህም ነው ዛሬ ሳስታውሰው የሚያስፈራኝ።

እሑድ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ጀልባ በጀልባ ሆነ። ባንዲራው ሁሉ የአባቴ ስፌት ነው። እናቴም መጣች፤ ያለ ድስት። የአባቴ ስም ሲጠራ አንገቴን ደፍቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። መልሼ ስገልጥ፣ አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ግራጫ ኮት፣ ግራጫ ሰደርያ፣ ግራጫ ሱሪ! ሌሊቱን ሰፍቶት ነው ያደረው። እኔ ግን እናቴን በክርኔ ጎሸም አድርጌ፣ "መለሰችለት!" አልኳት። እናቴ ዞር ብላ አላየችኝም። ከንፈሯን ነክሳ አባቴን ታያለች።

"እኔ የጀልባ ሰው ነኝ" አለ አባቴ። ሕዝቡ ጮኸ። "አባቴም የጀልባ ሰው ነበር። ማጋክ የሠፈራችን ልጅ ነው፣ የተማረ ነው፤ ምረጡት።" ሕዝቡ የበለጠ ጮኸ። ማጋክ አጨበጨበ።

"አንድ ቀልድ ተናገር ተብዬ ነበር። አልናገረውም።"

የማጋክ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ባለፈው ልጄ ሕዝብ ፊት ራቁቴን አስቀርታኛለች፤ ሰምታችኋል።" ሳቅ ሆነ። አባቴም ትንሽ ፈገግ አለ። "ማጉያው የነበረው ያቺ ሴት እጅ ላይ ነው። እዚያው ልትገፈኝ ትችል ነበር። አለበሰችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያለበሰኝን ሰው ልግፈፍ ብል እጄ እንቢ ይለኛል።"

ላቡን ጠረገ። መድረኩ ላይ ያሉት ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ መተያየት ጀምረዋል።

"ሙሉ ልብስ ስንላችሁ ከርመናል። ደግ ነው፣ ያምራል። ግን በሥራ ዘመኔ ሰው ሳልለካ ሰፍቼ አላውቅም። ልካችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሱሪህን ባንገትህ አውልቅ የሚላችሁን ሰው ግን አትስሙት። እኔም ብላችሁ አትስሙኝ።"

አንድ ሰው ማጉያውን ከእጁ ወሰደው። ከሜዳው ጥግ ግን አንዲት ሴት እልል አለች። ከዚያ ሌላዋ። አባባ ራዲዶ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ "ይኼ ነው ልክ!" እያለ ይጮሃል። አባቴ ቀስ ብሎ ከመድረኩ ወረደና፣ ሰው መሀል አቋርጦ መጥቶ የእናቴን እጅ ያዘ። ሕዝብ ፊት እጇን ሲይዛት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ቅርንጫፉ ሌላ ሊቀ መንበር መረጠ። እኔ ወንበሯን ሊወስዷት ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር። ማንም አልመጣም። ስሙም አልሄደም፤ እስከ ዛሬ ሰው የሚጠራው ሊቀ መንበር ብሎ ነው፤ አዲሱን ግን በስሙ ነው የሚጠሩት።

የምርጫው ቀን ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ዓሣ ገበያው ደርሶ ነበር። አባቴና እናቴ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ የሚጠባ ልጅ ላላት ሴት ተራቸውን ለቀው፣ ቀለም የነካ ትንሽ ጣታቸውን እያሳዩኝ ወጡ። "ለማን ሰጣችሁ?" ስላቸው እናቴ አፌን ያዘችው። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮው የሲፕሮዛን ስም ሲጠራ የኛዴራ ድስት ሁሉ አንድ ላይ ተደበደበ። የእኛው ድስት ታች ጎኑ ሰርጉዶ ቀረ። ሱሪውን ስለመለሰች ነው ያሸነፈችው ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ አስረዳሁ። እነሱም አመኑኝ፤ ባርኔጣቸውን ግን አልተውልኝም። ያሸነፈችው በሱሪም በአባቴ ንግግርም እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። በሐይቁ ዳር ሽቦ የነቀሉ ሴቶች ነበሩ፤ እነሱ አልረሱም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድ ነገር ተለወጠ። የዓሣው ጭንቅላት፣ ዱሮ እናቴ ለማንም የማታካፍለው፣ ለአባቴ ሆነ። ዓይኑን፣ ጉንጩን፣ መረቁን ጭምር ከፊቱ ታስቀምጥለታለች፤ እሱም ምንም ሳይል ይበላል። ሥልጣኑን ጥሎ ለሲፕሮዛ ድምፁን ለሰጠ ባል የዓሣ ጭንቅላት አይበዛበትም፣ ትላለች ለጎረቤት። ስንት ዓመት!

የመራጭነት ካርዴን ያወጣሁ ጊዜ ለእረፍት ቤት መጥቼ ነበር። እናቴ ትልቅ ዓሣ ቀቀለች። አባቴ ጭንቅላቱን እየፈለፈለ ሳለ፣ ካርዴን እያገላበጥኩ ጠየቅሁት።

"አባ፣ ያን ጊዜ ድስቱ ላይ ምልክት ስታደርግ አልከበደህም? የዕድሜ ልክ ጀልባ ሆነህ?"

አባቴ አጥንቱን ከአፉ አወጣ። "የምን ድስት?"

"ሲፕሮዛን ስትመርጥ ነዋ።"

"እኔ ሲፕሮዛን አልመረጥኩም።" ተገርሞ አየኝ። "ማጋክን ምረጡት ብዬ ሕዝብ ፊት ተናግሬ፣ ጓዳ ገብቼ ሌላ ላደርግ? ማጋክን ነው የመረጥኩት።"

እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

"ኦቢዬሮ!" አለች። በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር። "ሊቀ መንበርነትህን ለሷ ብለህ አልነበረም እንዴ ያጣኸው?"

"ለሷ ክብር ብዬ ነው። ድምፄ ሌላ፣ ክብሯ ሌላ። ማን ቀላቀለው?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?"

አባቴ ወደ ሳህኑ አየ። "አልጠየቅሽኝም" አለ ቀስ ብሎ። "ደግሞ ጭንቅላቱ ይጣፍጣል።"

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳህኑን ከፊቱ አነሳች፤ አንዱ ጉንጭ ገና አልተነካም ነበር። በሩ ላይ ወጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣ መብላት ጀመረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ ተነስቼ ሄድኩ። በሳቅ ብዛት ዓሣው ሊያንቃት ምንም አልቀረውም ነበር።